ሰው የሚይዘው የትኛው ነው?



ባለፈው እሁድ የለጠፍኩትን ፎቶ አይታችሁ ብዙ ሳቃችሁብኝ። ግቢዬ ውስጥ ማንጎው ሥር ቆሜ፣ ወገቤ ዙሪያ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ብረታ ብረት ተንጠልጥሎብኝ፣ የገና ዛፍ መስዬ። "ቲቸር፣ ጡረታዎ ሳይደርስ ሰርከስ ገቡ እንዴ?" ያላችሁኝ አላችሁ። አንዱ ደግሞ "የበግ ቃጭል መሸጥ ጀመሩ?" ብሎኛል። እሺ፣ ሳቁ፤ ያምርባችኋል። እኔ ግን ያንን ፎቶ ለሳቅ አልነበረም የለጠፍኩት። ከፎቶው ጋር የሚሄድ ጽሑፍ ነበረ፤ ለመጻፍ ድፍረት አጣሁና ፎቶውን ብቻ ለቀቅኩት። ዛሬ ልጻፈው። ረዘም ይላል፤ ቡና ያፈላችሁ ጠጡ፣ ያላፈላችሁም አፍሉ።

ነገሩ የጀመረው ከእንግዳ ነው። ከአሥራ ምናምን ዓመት በፊት እዚሁ አሶሳ ኤሌክትሪክ ያስተማርኩት የባምባሲ ልጅ፣ አሁን አሜሪካ፣ ኮሎራዶ የሚኖር፣ እናቱን ሊጠይቅ መጣ። እዚያም ሥራው ኤሌክትሪክ ነው። ቅዳሜና እሁድ ግን ድንጋይ ይወጣል። "ድንጋይ ይወጣል" ስል ኮረብታ መሄድ ማለቴ አይደለም፤ ቀጥ ያለ ገደል በእጁና በእግሩ ይወጣል። ሊጠይቀኝ ሲመጣ ስኳርና ቡና ብቻ አይደለም የያዘው፤ አንድ ከባድ ሻንጣም አንግቷል። ሲያስቀምጠው ቅጭልጭል አለ።

"ቲቸር፣ አንድ ነገር ላሳይዎት ነው። እርስዎን ብቻ ነው የሚገባዎት ብዬ ነው ያመጣሁት" አለኝ። ሰሌን አንጥፌ ማንጎው ሥር ተቀመጥን፤ እሱም ዕቃውን አንድ በአንድ ደረደረው።

መጀመሪያ ቀበቶው። እነሱ ሃርነስ ይሉታል፤ ወገብን አንድ ጠፍር፣ ጭንን ደግሞ ሁለት ጠፍር ይይዛል። ከዚያ የብረቱ መዓት። በቀጭን የሽቦ ገመድ ጫፍ ላይ ያሉ፣ ወደ ታች የሚጠቡ ትንንሽ የብረት ጉማጆች አነሳና "እነዚህን ምን እንደምንላቸው ያውቃሉ? ዳዶ!" አለኝ። የቀለደ መሰለኝ። እውነቱን ነው። ዌልስ ውስጥ፣ የድሮ ወጣጮች ወደ ገደሉ ሲሄዱ የሚያልፉት በባቡር ሐዲድ አጠገብ ነበር። ከሐዲዱ ዳር የወደቀ ዳዶ እየለቀሙ፣ በቀዳዳው ገመድ እያሾለኩ፣ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ይሰነቅሩት ነበር። ስንጥቁ ወደ ታች ሲጠብ ዳዶው ይቀረቀራል፤ ገመዱን ብትጎትተው ይብሱን ይነክሳል። ዛሬ በፋብሪካ፣ ለዚሁ ሥራ ተብሎ ይሠራል፤ ስሙ ግን ያው ዳዶ ቀረ።

ሁለተኛው ዓይነት ካም ይባላል። እጀታውን ስትስበው አራት የብረት ክንፎች ይሰበሰባሉ፤ ስንጥቅ ውስጥ ከተህ ስትለቀው ይከፈቱና ግራና ቀኙን ድንጋይ ይገፋሉ። ሰው ሲወድቅበት ወደ ታች የሚጎትተው ኃይል ክንፎቹን የባሰ እንዲከፈቱ ያደርጋቸዋል፤ በወደቅህ ቁጥር ይበልጥ ይይዛል። ሬይ ጃርዲን የሚባል አሜሪካዊ የፈጠረው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1978 "ፍሬንድ" በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ፍሬንድ፤ ጓደኛ ማለት ነው። ስም ያወጣለት ሰው ወድቆ የሚያውቅ መሆን አለበት።

የዚህ አወጣጥ ዋና ነገሩ ይሄ ነው፦ ገደሉ ላይ ቀድሞ የተተከለ ብሎን የለም። የሚወጣው ሰው መያዣውን ራሱ ይዞ ይወጣል፣ ራሱ ይሰነቅራል፣ ገመዱን ያሳልፍበታል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጓደኛው እየነቀለ ይከተላል። ድንጋዩ እንደነበረ ይቀራል። እንግዲህ ከ5 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት ወገብህ ላይ ተሸክመህ፣ በአንድ እጅህ ድንጋይ ጨብጠህ፣ በሌላው እጅህ ከሃያ ዕቃ መካከል ትክክለኛዋን አንዷን ማውጣት አለብህ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ጆሮዬ የቆመው። ይሄማ የእኛው ሥራ ነው! ምሰሶ ላይ የወጣ የመስመር ሠራተኛም ሌላ ምን ያደርጋል? ፒንሳ፣ መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ቴስተር፣ ቴፕ፣ ሁሉም ወገቡ ላይ ነው፤ ዓይኑ ደግሞ ሽቦው ላይ።

"እስቲ አደራደርህን ንገረኝ" አልኩት።

እየሰቀለ ነገረኝ። ቀበቶው ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት የዕቃ ማንጠልጠያ ቀለበቶች አሉት። ከፊት ያሉት ላይ በጣም የሚፈለገው ይሰቀላል፦ ዳዶዎቹ በመጠን በመጠን ተለይተው በሁለት ካራቢነር፣ ቀጥሎ ካሞቹ፣ ከትንሹ ጀምሮ ወደ ኋላ ትልቁ። ካሞቹ በቀለም ይለያሉ። በእሱ ስብስብ አረንጓዴው ጣት ለሚገባበትና ትንሽ ለሚሰፋ ስንጥቅ ነው፤ ቀዩ ከዚያ ይሰፋል፤ ቢጫው እጅ ለሚገባበት፤ ሰማያዊው ወደ ጭብጥ ለሚጠጋ። ገመዱን ከመያዣው ጋር የሚያገናኙት አጫጭር ጠፍሮች ከካሞቹ ኋላ። ላይ እስኪደርስ የማይፈለገው፣ እንደ ዳዶ መንቀያው ያለው፣ ከሁሉም ኋላ መቀመጫው ጋ። የካራቢነሮቹ አፍ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራል፤ አንዱ እንኳ ከተገለበጠ እጅ ይሳሳታል። ግድግዳው በቀኝህ ከሆነ ደግሞ ዋና ዋናውን ወደ ግራ ታዞራለህ፤ አለዚያ ከድንጋዩና ከወገብህ መካከል ተጣብቆ አይወጣልህም።

"ይሄን ሁሉ በቃልህ ታውቀዋለህ?"

"በቃሌ አይደለም ቲቸር፤ በእጄ ነው የማውቀው። ሰው ሲፈራ ጭንቅላቱ ይረሳል። እጁ አይረሳም።"

ከዚያ እኔን ቀበቶውን አስታጠቀኝ። ፎቶው ያኔ የተነሳ ነው። ዓይንዎን ይጨፍኑ አለኝ፣ ጨፈንኩ። "ቢጫውን ያውጡ።" ያወጣሁት ቀዩን ነው። "አረንጓዴውን።" ዳዶ አወጣሁ። ልጆቼ በረንዳው ላይ ሆነው ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። በመጨረሻ "ቲቸር፣ አሁን ዓይንዎን ይግለጡ። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ አዲስ ሰው ሳስተምር መጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄ ነው" አለ። ቀበቶው ላይ ያሉትን ቀለበቶች በሙሉ በጣቱ እየነካ፦

"ከነዚህ ሁሉ ሰው የሚይዘው የትኛው ነው?"

ሳቄ እዚያው ቆመ።

መልሱን አውቀዋለሁ። ከፊት፣ ከእምብርት በታች ያለው፣ በድርብ የተሰፋው ወፍራም ጠፍር ነው። የአውሮፓ ደረጃ 15 ኪሎ ኒውተን እንዲችል ያስገድዳል፤ ወደ 1,500 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ማለት ነው። በጎን ያሉት የዕቃ ቀለበቶች ግን ለዕቃ ብቻ ናቸው። ሲታዩ ጠንካራ ይመስላሉ፣ ሲነኩም ጠንካራ ናቸው፤ ሰው የሚጥል ክብደት ሲመጣባቸው ግን ተስፋ አይጣልባቸውም። መልሱን ስለማላውቅ አይደለም ዝም ያልኩት። ያ ጥያቄ ከዓመታት በፊት፣ በሌላ ሰው አፍ ሊጠየቅ ሲገባው ሳይጠየቅ የቀረ ጥያቄ ስለሆነብኝ ነው። የሰውዬው አፍ ደግሞ የኔው ነው።

አብራችሁት የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስሙን አልጽፍም። ጎበዝ ልጅ ነበር፣ እጁ ፈጣን። ተመርቆ ሥራ በያዘ በሁለተኛ ወሩ ከእንጨት ምሰሶ ላይ ወደቀ። ከፍታው 6 ሜትር ቢሆን ነው። ለማወቅ የምትፈልጉ ካላችሁ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ነው የሠራሁት። ከ6 ሜትር ለመውደቅ 1 ነጥብ 1 ሰከንድ ይበቃል። መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ነው። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩና ዳሌው ግን እንደ ድሮው አልሆኑለትም።

ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ ቀበቶው አልጋው ሥር ነበር። አነሳሁት። ጠፍሩ አልተበጠሰም፣ መንጠቆውም ደህና ነው። የኛ ዓይነቱ ቀበቶ ዳሌና ዳሌ ላይ ሰው የሚይዝ ትልቅ ቀለበት አለው፤ ምሰሶውን ዞሮ የሚመጣው ጠፍር መንጠቆ የሚገባው እዚያ ነው። ከዚያ ትልቅ ቀለበት ጎን፣ ሁለት ጣት ራቅ ብሎ፣ ቴፕና ሽቦ የሚንጠለጠልበት ትንሽ ቀለበት አለ። የተገነጠለው ትንሹ ነበር።

ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? አልጋው ላይ ሆኖ፣ ሊያጽናናኝ እየሞከረ፦ "ቲቸር፣ ቀጭ ብሎ ነበር እኮ።"

ቀጭ። በክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ነው ያልኳችሁ? "መንጠቆው ቀጭ ሲል ከሰማችሁ መደገፍ ትችላላችሁ።" እኔም የተማርኩት እንደዚያው ነው፤ ያስተማርኩትም እንደዚያው። ችግሩ መንጠቆ ትልቁ ቀለበት ውስጥ ሲገባም ቀጭ ይላል፣ ትንሹ ውስጥ ሲገባም ቀጭ ይላል። ጆሮ አይለየውም። ልጁ የነገርኩትን አደረገ። ዓይኑን ሽቦው ላይ አድርጎ፣ በእጁ ፈልጎ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ ወደ ኋላ ተደገፈ።

ያኔ ለሁሉም ሰው "አደጋ ነው፣ የእግዜር ነገር" አልኩ። ለራሴም እንደዚያ አልኩት። ልክ ነው፣ ምክንያት አልጠፋም። ከሠላሳ በላይ ተማሪ፣ አንድ ቀበቶ። ያቺን ቀበቶ አንዱ ሲታጠቅ ሌላው ሲያይ፣ እያንዳንዱ ልጅ በሴሚስተር ሁለቴ ቢደርሰው ነው። ስሙን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ፈተና ላይ ሥዕሉን ሠርታችሁ፣ ቀስት አድርጋችሁ "ትልቁ ቀለበት" ብላችሁ ጽፋችሁ ሙሉ ነጥብ አግኝታችኋል። እጃችሁ ግን አያውቀውም ነበር። እኔ ስም አስተምሬ እጅ ያስተማርኩ መሰለኝ።

ይሄን ለእንግዳዬ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "በእኛም ዘንድ አለ ቲቸር" አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ቶድ ስኪነር የሚባል በዓለም የታወቀ ወጣጭ ዮሰማይት ውስጥ ከገደል ሲወርድ ሞተ። ጀማሪ አልነበረም፤ ዕድሜውን በገመድ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ሰው የሚይዘው ያ የፊቱ ጠፍር በልቶ ነበርና ተበጠሰ። ማርጀቱን ከበፊት ያውቅ ነበር ይባላል። "ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው" አለኝ። "ሰው የሚይዘው የትኛው ነው? ዛሬም ይይዛል ወይ?"

ይሄን ስናወራ ጎረቤቴ ሼሁ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። የአሶሳ ሰው ያውቃል፤ በዚህ አገር ከቀርከሃ ቀፎ ሠርቶ ትልቅ ዛፍ ላይ መስቀል የቆየ ነው። ሼሁ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ማር ቆራጭ ናቸው፤ አሁን ልጃቸው ነው የሚወጣው። ብረታ ብረቱን አይተው "ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?" አሉ። ልጁ አስረዳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና እሳቸው እንዴት እንደሚወጡ ነገሩን። ጭሱ በግራ፣ ቢላዋው በቀኝ፣ ማር መቀበያው ደግሞ ጭራሽ ሰውነታቸው ላይ አይደለም፤ ላይ ከደረሱ በኋላ በሌላ ገመድ ይጎትቱታል።

"ለምን ሁልጊዜ ቢላዋው በቀኝ?" አልኳቸው።

"ንብ ፊትህ ላይ ሲያርፍ ዓይንህ ይጨፈናል። ያን ጊዜ ቢላዋህ የት እንዳለ ካላወቅህ ማሩ ለንቡ፣ አንተ ለመሬት።"

እንግዳዬ በሳቅ ሞተ። እኔ ግን ሌላ ነገር ጠየቅኳቸው። ግንዱን ዞሮ ወገባቸውን የሚይዘው ገመድ ላይ ምን ይሰቅላሉ? ሼሁ የሞኝ ጥያቄ የጠየቅኳቸው ያህል አዩኝ።

"እሱ ላይ ምንም አይሰቀልም። እሱ የኔ ነው። ዕቃውን የሚይዘው የማሩ ነው።"

አያችሁ? ይሄ የኔ ነው፣ ያ የማሩ ነው። ሃያ ዓመት ያስተማርኩበት ደብተር ውስጥ ይቺ ዓረፍተ ነገር የለችም። ከግቢዬ አጥር ማዶ ግን ነበረች።

በማግስቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ አንድ ትልቅ ድንጋይ ሄድን። እንግዳዬን ተከትሎ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ገመድ መያዝ የሚችል ጓደኛ አለው፤ እኔ ሄልሜት አድርጌ ራቅ ብዬ ቆሜ ነው ያየሁት። የአካባቢው ልጆች ፍየላቸውን ትተው ተሰበሰቡ። አንዱ "ከላይ ማር አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። "ታዲያ ለምን ይወጣል?" መልስ አልነበረኝም።

ድንጋይ መውጣት የፈረንጅ ጨዋታ ነው የምትሉ አትጠፉም። ደብረ ዳሞን አስቡ እንጂ! ከ6ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መነኮሳቱ በገመድ፣ በእጅና በእግር ነው የሚወጡት። ገርዓልታ ላይ አቡነ የማታ ጉሕ የሚሳለም ሰው በባዶ እግሩ ገደል ይወጣል። እኛ አገር ላይ የሚያደርስ ጉዳይ ካለ ይወጣል፤ ገዳም፣ ማር፣ አሁን ደግሞ መብራት።

ልጁ ከመሬት አሥር ሜትር ያህል እንደወጣ ስንጥቁ ጠበበበት። የግራ እግሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይንቀጠቀጥ ጀመር። ፊቱ ወደ ድንጋዩ ነው፣ ወደ ወገቡ አላየም። ቀኝ እጁ ብቻውን ወረደ፣ ሁለተኛዋን ነካ፣ አረንጓዴዋን አወጣ፣ ስንጥቁ ውስጥ ከተታት። ከዚያ ያደረገውን ልብ በሉልኝ። ገመዱን ወዲያው አላሳለፈም። መጀመሪያ ክንፎቹን በዓይኑ አየ። ቀጥሎ በኃይል ጎተታት። ከዚያ ነው ገመዱን ያሳለፈው። ቀጭ ማለቱ መጨረሻ ላይ መጣ። ለኔ ተማሪ መጀመሪያም መጨረሻም የነበረው ቀጭታ፣ ለዚህ ልጅ ሦስተኛ ነበር።

እዚያ ቆሜ አንድ ነገር ወሰንኩ።

ማክሰኞ ዕለት ወደ ገበያው መንገድ ሄድኩ። የወደቀው ልጅ እዚያ ሞባይል ይጠግናል፤ እጁ ዛሬም ፈጣን ነው። በየወሩ አልፈዋለሁ፣ ሰላም እንባባላለን፣ ሻይ እንጠጣለን፤ ስለዚያ ቀን ግን አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። ወንበር ሰጠኝ። "ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት" አልኩት። "ቀጭ ሲል ተደገፉ ያልኩት እኔ ነኝ። ትክክል አልነበረም።"

አቀርቅሮ የያዘውን ስልክ መፍታቱን ቀጠለ። ብዙ ቆይቶ "ቲቸር፣ እኔ እርስዎን ወቅሼ አላውቅም" አለ።

"አውቃለሁ። ለዚያ ነው የከበደኝ።"

ከዚያ ከመደርደሪያው ጀርባ ካለው ምስማር ላይ አንድ ነገር አወረደ። ቀበቶው ነው። አልጣለውም። ትንሹ ቀለበት የነበረበት ቦታ ቀዳዳው አለ። "ለምን እንዳስቀመጥኩት አላውቅም ነበር" አለኝ። "ክፍል ውስጥ ልታመጣው ትችላለህ?" አልኩት። ወዲያው እሺ አላለኝም። ሐሙስ ጠዋት ግን በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

ተማሪዎቹ ማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። እሱም ስለራሱ ምንም አላለም። የእኔን ቀበቶ አንዱን ልጅ አስታጠቀው፣ ዓይኑን በነጠላ አሰረለት፣ ከኋላው ቆሞ መንጠቆውን አንዴ ትልቁ ቀለበት ውስጥ፣ አንዴ ትንሹ ውስጥ አስገባ። ቀጭ። ቀጭ። "የትኛው ነው ሰው የሚይዘው?" ልጁ "ሁለተኛው" አለ፤ ተሳሳተ። ሌላው መጣ፤ ገምቶ አገኘ፣ ሲደገምለት ሳተ። ክፍሉ መጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ አምስተኛው ልጅ ላይ ሲደርስ ሳቁ ጠፋ። በመጨረሻ አንዲት ተማሪ የተገነጠለውን ቀበቶ አንስታ አገላብጣ አየችና "ይሄ የማን ነው?" አለች። "የኔ" አላት። ሌላ አልጨመረም። መልሶ ሊያስቀምጠው ከጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ሲራመድ ሁሉም አካሄዱን አዩ።

እንግዲህ ለዚህ ነው የጻፍኩት። ከናንተ መካከል ዛሬ ጉባ ያላችሁ አላችሁ። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበራችሁ ልጆች፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ ፎቶ ልካችሁልኛል። ከዚያ ወደ ደዴሳና ሆለታ በሚሄደው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ የምትሠሩ አላችሁ። መንደር ውስጥ ከእንጨት ምሰሶ ላይ ቆጣሪ የምታገናኙም አላችሁ። ኮንዶሚኒየም ላይ ቀለም የምትቀቡ፣ አንቴና የምትሰቅሉም አላችሁ። ለሁላችሁም ያስተማርኩትን ላርም።

አንድ፦ ነገ ጠዋት ቀበቶአችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና ሰው የሚይዘውን ቀለበት ፈልጉ። ቀይ ቴፕ አድርጉበት።

ሁለት፦ ከሱ አጠገብ ያለውን የዕቃ ማንጠልጠያ ባዶ አድርጉት፣ የሚነሳ ከሆነ አንሱት። ፒንሳውም ቴፑም ወደ ኋላ ይሂድ። ሰው ከሚይዘው ጎን ዕቃ የሚይዝ አይቀመጥ። ሼሁን አስታውሱ፤ ይሄ የኔ፣ ያ የማሩ።

ሦስት፦ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቦታ ስጡት፣ ቦታውንም አትቀይሩ። በጣም የሚፈለገው ከፊት፣ የማይፈለገው ከኋላ። መሬት ላይ ሆናችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አውጡ፣ መልሱ። እጃችሁ እስኪያውቀው ድረስ። ሰው ያያል ብላችሁ አትፈሩ፤ እኔ በፌስቡክ ላይ ተስቆብኛል።

አራት፦ ቀጭ የሚለውን አትመኑ። እዩት። ጎትቱት። እግራችሁ ገና ሲረግጥ ቀስ ብላችሁ ክብደታችሁን ስጡት። ከዚያ ተደገፉ።

አምስት፦ ስፌቱን በየጊዜው እዩ። የተላጠ፣ የተቃጠለ፣ ፀሐይ ያነጣው ከሆነ "አንድ ሳምንት ይቆይልኝ" አትበሉት። አለቃ ቢቆጣ ይቆጣ።

ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። እንግዳዬ ትናንት በአውሮፕላን ሄደ። ሲሄድ ከብረቱ መካከል አንድ ዳዶ፣ ትንሿን፣ ጠረጴዛዬ ላይ ትቶልኛል። አሁን ክፍል ውስጥ ይዤያት እገባለሁ። የወደቀው ልጅ ደግሞ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ሱቁን ለሁለት ሰዓት ዘግቶ እንደሚመጣ ነግሮኛል። ቀበቶውን ወደ ሱቁ አልመለሰውም፤ ክፍል ውስጥ መስኮቱ ጋ ምስማር መትቶ ሰቅሎታል።

ምሰሶ ላይ፣ ጣሪያ ላይ፣ ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው ካላችሁ ይሄን አንብቡለት። ኮሜንት ላይ ከምታመሰግኑኝ ይልቅ የቀበቶአችሁን ፎቶ ላኩልኝ። ቀይ ቴፑን ላየው እፈልጋለሁ።

ሰላም ዋሉ።